ብቻውን የሚሠራ የምሥራቅ እስያ ላይብረሪያን ከሙያ ማኅበር ምን ያገኛል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በሰሜን አሜሪካ በሚገኝ አንድ መካከለኛ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የምሥራቅ እስያ ስብስብ ኃላፊ ሆነው በቅርቡ ተመድበዋል። ቻይንኛ ያነባሉ፤ ጃፓንኛውን በመዝገበ ቃላት እየታገዙ ይገፉታል፤ ኮሪያኛ ግን ፊደሉን እንኳ አልቆጠሩም። በመሥሪያ ቤታቸው ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። የሙያ ማኅበር ልግባ ሲሉ አለቃቸው «በዓመት አንዴ ተሰብስበው ጽሑፍ ከማድመጥ ሌላ ምን ይሠራሉ? ለጉዞው የምንከፍለውስ ምን እናገኝበታለን ብለን ነው?» አሏቸው። የትኛው ማኅበር፣ የትኛው ኮሚቴ፣ ለአለቃዬስ ምን ልመልስ ይላሉ።

የአለቃዎ ጥርጣሬ ጨርሶ መሠረት የለሽ አይደለም። ነገሩ ጽሑፍ ማድመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ቢያነቡት ይሻል ነበር። ነገር ግን የእኛን ሥራ አንድ ቤተ መጻሕፍት ብቻውን ሊወጣው አይችልም። ሦስት ቋንቋ፣ ሦስት የመጽሐፍ ገበያ፣ በላቲን ፊደል ለመጻፍም ሦስት ዓይነት ደንብ አለው። ደንቡ የሚረቀቀው፣ ቁጥሩ የሚሰበሰበው፣ ውዱ ነገር በማን ቤት ይቀመጥ የሚባለው በማኅበሩ ኮሚቴዎች ውስጥና በዙሪያቸው ባሉ ኅብረቶች ነው። ስለዚህ «ልሂድ ወይስ ልቅር» የሚለውን ትተው «የትኛውን ሥራ ልካፈል» ብለው ይጠይቁ።

የሚገቡበት ማኅበር የምሥራቅ እስያ ቤተ መጻሕፍት ምክር ቤት ነው። በእስያ ጥናቶች ማኅበር ሥር ያለ አካል ሲሆን በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ሩቅ ምሥራቅ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ሀብት የሚመክር ኮሚቴ ሆኖ ተጀመረ። በ1967 የምሥራቅ እስያ ቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ ተባለ፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1995 ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። እናት ማኅበሩ የምሁራን እንጂ የላይብረሪያን ማኅበር አይደለም። በዚህ ምክንያት የእኛ ዓመታዊ ስብሰባና የፕሮፌሰሮቹ ጉባኤ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ከተማ ይውላሉ። መጽሐፍ የሚገዙላቸው መምህራን እዚያው ናቸው፤ የሚሸጡልዎ ነጋዴዎችም እዚያው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ናቸው።

አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያምታታውን ልጥቀስ። በ1973 የተመሠረተው የቻይናውያን አሜሪካውያን ላይብረሪያን ማኅበር ሌላ ነው። እርሱ በየትኛውም ዓይነት ቤተ መጻሕፍት፣ የሕዝብም ይሁን የሕክምና፣ የሚሠሩ ሰዎች የሚገናኙበት ነው። ጥሩ ማኅበር ነው፤ ነገር ግን ስለ ስብስብዎ የሚነሳውን ጥያቄ እንዲመልስ የተቋቋመ አይደለም።

ወደ ኮሚቴዎቹ ልለፍ። የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ መጻሕፍት ኮሚቴዎች አሉ፤ የካታሎግ ሥራ፣ የአንባቢ አገልግሎት፣ የቤተ መጻሕፍት ቴክኖሎጂ፣ የስታቲስቲክስና የአባልነት ኮሚቴዎችም አሉ። ቻይንኛ ስለሚያነቡ እግርዎ መጀመሪያ ወደ ቻይናው ኮሚቴ ያመራ ይሆናል። እኔ ግን የካታሎጉን ያስቀድሙ እላለሁ። ቻይንኛ የሚያውቁ ሰዎች በዚያ ሞልተዋል፤ እርስዎን ቀን ከቀን የሚያደክምዎት ካታሎጉ ነው።

አንድ መጽሐፍ እንውሰድ፤ የቻይና ታሪክ ነው እንበል። ርእሱ ካታሎጉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል። በላቲን ፊደል የተጻፈው በማርክ መዝገብ (ኮምፒዩተር እንዲያነበው ሆኖ በተዘጋጀው የካታሎግ መዝገብ) 245 መስክ ላይ ይቀመጣል፤ በቻይና ጽሕፈት ያለው ደግሞ 880 በሚባለው ጥንድ መስክ ውስጥ። በላቲኑ «ጆንግጉዎ»፣ ቻይና ማለት ነው፣ የአገር ስም ስለሆነ ሁለቱ ክፍለ ቃላት ተያይዘው ይጻፋሉ። ቀጥሎ ያለው «ሊ ሺ»፣ ታሪክ ማለት፣ ግን ለየብቻ ነው፤ ደንቡ የሰውንና የቦታን ስም ያያይዛል፣ የቀረውን በየክፍለ ቃሉ ይነጥላል። ተማሪዎ በቋንቋ ክፍል የተማረው ፒንዪን (ዛሬ ቻይንኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ሥርዓት) «ሊሺ»ን አንድ ቃል አድርጎ ነው የሚጽፈው። አያይዞ ሲፈልግ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እያለ ካታሎጉ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ተማሪው ደግሞ «ቤተ መጻሕፍቱ ስለ ቻይና ምንም የለውም» ብሎ ይሄዳል፤ ወሬውም ለእርስዎ ሳይሆን ለአለቃዎ ነው የሚደርሰው።

ይህ ደንብ ከሰማይ አልወረደም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት እስከ 2000 ድረስ ቻይንኛን የሚጽፉት ዌድ-ጃይልስ በሚባለው ሥርዓት ነበር፤ ማኦ ዜዶንግም «ማኦ ጼ-ቱንግ» ነበሩ። በዚያ ሥርዓት «ደ» የሚመስለው ድምፅ በ«ቲ» ይጻፋል፤ «ተ» የሚመስለውም በዚያው በ«ቲ» ተጽፎ አጠገቡ ትንሽ ጭረት ይደረግበታል። ጭረቷን የዘነጋ ጸሐፊ ሁለት የተለያዩ ድምፆችን አንድ አደረጋቸው ማለት ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ወደ ፒንዪን እንደሚዞር በ1997 አስታወቀ፤ የዞረውም ኦክቶበር 1 ቀን 2000 ነው። በዚህ መካከል የነበረውን ሥራ ያስቡት። የጋራ ዳታቤዞቹ መዝገብ በኮምፒዩተር ተለወጠ፤ ኮምፒዩተሩ ሊለየው ያልቻለውን ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ካታሎገር ማየት ነበረበት። ምክር ቤቱም ለዚሁ ሲባል ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጋር የሚያገናኝ ቡድን አቁሞ ነበር።

ጃፓንኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት የደንብ ሠንጠረዥ ደግሞ በቅርቡ፣ በ2022፣ ታድሶ ጸደቀ። ያረቀቁት የእናንተው ዓይነት ካታሎገሮች ናቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ረቂቁን ለአባላት አስተያየት እየበተኑ ነው የሠሩት። በእንዲህ ያለ ረቂቅ ላይ የትንሽ ቤተ መጻሕፍት ድምፅ ሲጠፋ ውጤቱ ብዙ ካታሎገር ላላቸው ቤቶች የሚመች ደንብ ይሆናል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ብቻውን የሚሠራ ሰው «ይህ አማራጭ ለእኔ ተጨማሪ ሥራ ነው» የሚል አንድ አንቀጽ ቢልክ ይነበብለታል። ከሩቅ ሆኖ ይቻላል፤ የአውሮፕላን ቲኬት አያስፈልገውም።

ኮሪያኛው ላይ ያለው ነገር ግን እርስዎን ሳያስቸግር አይቀርም። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት በ2000 አዲስ የላቲን አጻጻፍ አወጣ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ግን በ1930ዎቹ የተዘጋጀውን ማኩን-ራይሻወርን እንደያዙ ቀጠሉ። ካርታው ላይ «ቡሳን» የሆነችው ከተማ በመጽሐፍ ርእስ ውስጥ ስትመጣ «ፑሳን» ተብላ ትገባለች። ማኩን-ራይሻወር አናባቢዎች ላይ የሚያደርገው የታጠፈ ምልክትም አለ፤ አብዛኛው ተማሪ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የት እንደሚያገኘው አያውቅም። እርስዎ ኮሪያኛ ባያነቡም ለተማሪዎችዎ ልታሳዩ የሚገባው አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ በኮሪያ ፊደል፣ በሃንጉል፣ ጽፈው እንዲፈልጉ ያድርጉ። ፊደሉን ለመለየት ብዙ ጊዜ አይፈጅብዎትም፤ ይማሩት። ቋንቋውን ባያውቁ እንኳ ሽፋኑ ላይ ያለውን ርእስ ከስክሪኑ ጋር ማመሳከር መቻል ግማሽ ሥራ ነው።

ስታቲስቲክስ የሚለውን ሲሰሙ ፊትዎን እንዳያዞሩ። አሰልቺ ነው፤ እኔም የሚሞላው መጠይቅ ሲመጣ ደስ አይለኝም። ሆኖም አለቃዎን የሚያሳምነው ይህ ነው። አባል ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ በቻይንኛ፣ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ ስንት ቅጽ መጽሐፍ እንዳላቸው፣ በዓመቱ ምን እንደጨመሩ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንዳወጡ፣ ስንት ሠራተኛ እንዳላቸውና የኤሌክትሮኒክ ሀብታቸውን ይሞላሉ። ውጤቱ ለሁሉም ክፍት ነው። የእናንተን የሚያህል ተማሪ፣ የእናንተን የመሰለ ፕሮግራም ያላቸውን አራት አምስት ዩኒቨርሲቲዎች መርጠው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ራስዎን ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የምሥራቅ እስያ ቤተ መጻሕፍት፣ ከሃርቫርድ-የንቺንግ፣ ጋር እንዳያወዳድሩ፤ በ1928 የተመሠረተ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቅጽ ያለው ቤት ነውና ንጽጽሩ ለማንም አይረባም። አለቆችም እንዲህ ያለ ንጽጽር ሲያዩ ፈገግ ብለው ወረቀቱን ይመልሱታል።

ሲሞሉ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ርእስና ቅጽ አይምታቱብዎ። በ1869 የቻይናው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ቶንግጂ ለአሜሪካ መንግሥት መጻሕፍት ላኩ፤ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያለው የቻይና ስብስብ መነሻው ይህ ነው። 10 ድርሰት ነው ብትል አልዋሸህም፤ 933 ቅጽ ነው ብትልም አልዋሸህም። በክር የተሰፋ የድሮ የቻይና መጽሐፍ በስስ ስስ ጥራዝ ተከፍሎ በአንድ ማቀፊያ ይታሰራል። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ማቀፊያውን አንድ ብሎ ቆጥሮ፣ እርስዎ ጥራዞቹን ብትቆጥሩ፣ ስብስብዎ በአንድ ዓመት ያበጠ ይመስላል። በቀጣዩ ዓመት አንድ ሰው ማብራሪያ ይጠይቅዎታል። አምና የተሞላውን መጠይቅ አስቀድመው ያውጡና እንዴት እንደተቆጠረ ይዩ፤ ካልገባዎ የስታቲስቲክስ ኮሚቴው ሰዎች ይመልሱልዎታል።

አሁን ገንዘብ ወደሚበላው ነገር ልምጣ። ምክር ቤቱ ራሱ የዳታቤዝ ውል አይፈርምም፤ ይህን ለአለቃዎ በግልጽ ይንገሯቸው፣ አለዚያ «ቅናሹ የታለ?» ይላሉ። የሚፈርሙት ዩኒቨርሲቲዎችና ኅብረቶቻቸው ናቸው። ምክር ቤቱ የሚሰጥዎት አስቀድሞ ማወቅን ነው። ማርች 2023 ላይ የቻይናው ሲኤንኬአይ፣ የምሁራን ጽሑፎች የሚገኙበት ትልቅ ዳታቤዝ፣ ለውጭ ደንበኞቹ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ የጉባኤ ጽሑፎችንና የስታቲስቲክስ ዓመታዊ መጻሕፍትን እንደሚዘጋባቸው አስታወቀ። የጆርናል ጽሑፎቹ ቀሩ፤ ምክንያቱ ዳታ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታ የወጣው የቻይና ሕግ ነው ተባለ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብቻውን ላለ ሰው ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ክፍያ አሳልፈን ይሆን?» ብሎ ነው፤ ከሂሳብ ክፍል ጋር ሲጻጻፍ ይከርማል። ባልደረቦች ያሉት ሰው ግን ችግሩ የሁሉም እንደሆነ በዚያው ቀን ያውቃል፤ ለመምህራኑም «የመመረቂያ ጽሑፍ የምትፈልጉ ቶሎ በሉ» ብሎ ይልካል። እኔ ብሆን ለአለቃዬ የማነሣው የመጀመሪያ ምሳሌ ይህ ነው።

ለጃፓን ደግሞ ከምክር ቤቱ ጎን ሌላ አካል አለ፤ ኤንሲሲ ይሉታል፣ የሰሜን አሜሪካ የጃፓን ቤተ መጻሕፍት ሀብት አስተባባሪ ምክር ቤት ነው። የተቋቋመው በ1991 ነው። ከሠራቸው ሁሉ ለእርስዎ የሚጠቅመው ብዙ ቅጽ ያላቸውን ውድ የጃፓንኛ ስብስቦች ለመግዛት ለዓመታት ያካሄደው የድጋፍ ፕሮግራም ይመስለኛል። ገንዘቡን ያገኘ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ለሌሎች ሊያውስ ግዴታ ይገባ ነበር። ስለዚህ አንድ ፕሮፌሰር መጥቶ የሜጂ ዘመን (1868–1912) ሰነዶችን ባለ ብዙ ቅጽ ስብስብ ሲጠይቅዎ መጀመሪያ የግዢ ቅጽ አይሙሉ፤ በዚያ ፕሮግራም የተገዛ መሆኑን ይፈልጉ፣ ከሆነ በውሰት ይጠይቁ። ኤንሲሲ የጃፓን ሥዕልና ፎቶግራፍ በመጽሐፍ ውስጥ ለማተም ፈቃድ የሚጠየቅበትን መንገድ የሚያሳይ መመሪያም አለው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ወደ መጽሐፍ የሚቀይሩ ወጣት መምህራን ይህን ሲያሳዩዋቸው ወዳጅ ይሆኑልዎታል።

ኮሪያኛ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1994 በኮሪያ ፋውንዴሽን ድጋፍ በስድስት ቤተ መጻሕፍት የተጀመረ የኮሪያ ስብስቦች ኅብረት አለ፤ ኋላ ሌሎችም ገቡበት። አባሎቹ የትምህርት ዘርፎችን ተከፋፍለው እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ በጥልቀት ይሰበስባል። እርስዎ አባል መሆን አይጠበቅብዎትም፤ ማን ምን እንደያዘ ማወቅ ግን አለብዎ። አንድ ተማሪ ስለ ኮሪያ ሙዚቃ ወይም ስለ አንድ ክፍለ ሀገር ታሪክ ሲጠይቅዎ ዘርፉን የያዘው ቤት ውስጥ ያለችውን ላይብረሪያን በስሟ ጠርተው መጻፍ ከቻሉ፣ ለማያነቡት ቋንቋ ማድረግ የሚችሉትን አደረጉ። እኔ የኮሪያን ኮሚቴ ስብሰባ እንዳያመልጥዎ የምለውም ለዚህ ነው። ከኋላ ቁጭ ይበሉ፤ የሚባለው ሁሉ ላይገባዎ ይችላል፣ ግን ማን ማን እንደሆነ ይለያሉ።

ሥልጠናም አለ። የሰዎችንና የድርጅቶችን ስም በአንድ ወጥ መልክ የመመዝገቡን ሥራ፣ በሙያው ናኮ የሚባለውን፣ ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ ካታሎገሮች በጋራ የሚያስተባብር ቡድን አለ። የኮሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በውጭ አገር ያሉ የኮሪያ ጥናት ላይብረሪያኖችን ጋብዞ ያሠለጥናል፤ በጃፓን ቴንሪም የድሮ የጃፓን መጻሕፍት አያያዝና ንባብ ላይ ዐውደ ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። ለእነዚህ ሲያመለክቱ ደጋፊ ደብዳቤ የሚጽፍልዎ የሙያ ባልደረባ ያስፈልግዎታል። እርሱን ደግሞ የሚያገኙት ኮሚቴ ውስጥ አብሮዎት ከሠራ ሰው ነው።

ስለ መጽሔቱ ብዙ የምለው የለኝም። በ1963 እንደ ዜና መጽሔት ተጀምሮ ዛሬ በባለሙያ የሚገመገም፣ በነፃ የሚነበብ ጆርናል ሆኗል። ለሥራ ዕድገት የታተመ ጽሑፍ የሚጠየቁ ከሆነ ስለ ራስዎ ትንሽ ስብስብ ታሪክ ይጻፉ፤ ከየት መጣ፣ ማን ሰጠው፣ ለምን ቆመ። ትልልቆቹ ስብስቦች ተጽፈው አልቀዋል፤ የትንንሾቹ ገና ነው።

ማስጠንቀቂያ ቢጤ ልጨምር። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ኮሚቴ አይግቡ። ፈቃደኛ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋልና ቃለ ጉባኤ ያዢ፣ ድረ ገጹን አዘጋጂ ይሉዎታል፤ ክብሩ ያጓጓል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ግን የራስዎ ካታሎግ እንዳለ ተከምሮ ያገኙታል። ለሥራ አስፈጻሚው ቦርድ መወዳደርም ይቆይዎ። አንድ ኮሚቴ ይግቡ፣ ቀነ ገደብ ያለው አንድ ሥራ ይቀበሉ፣ በቀኑ ያስረክቡ። ሰው የሚያስታውስዎ በዚህ ነው።

ለአለቃዎ የሚጽፉት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «የሙያ ዕድገት» የሚለውን ሐረግ አያስገቡ፤ ሁሉም ሰው የሚጽፈው እርሱን ነው። በምትኩ ባለፈው ዓመት የተቸገሩባቸውን ሦስት ጉዳዮች ይዘርዝሩ፤ ለምሳሌ ምላሽ ያልተገኘለት የዳታቤዝ ችግር፣ ለመግዛት አቅም ያጠረዎት ስብስብ፣ ካታሎግ ሳይሠራለት የተከመረ የኮሪያኛ ስጦታ። በእያንዳንዱ አንጻር በስብሰባው ላይ ማንን አግኝተው ምን እንደሚጠይቁ ይጻፉ። ሲመለሱም በዚያው ቅደም ተከተል ያገኙትን መልስ ይስጧቸው። ያልተሳካውንም ሳይደብቁ። የአባልነት ክፍያው ከጉዞው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ በዚህ ዓመት ጉዞው ቢከለከሉ እንኳ አባልነቱን አይተዉ፤ ስታቲስቲክሱ፣ ረቂቆቹና የኮሚቴ ሥራው አብዛኛው ከጠረጴዛዎ ሆነው የሚሠሩት ነው።

ጉዞው ከተፈቀደ ግን ቀኑን አይሳቱ። የምክር ቤቱ ስብሰባዎች የሚካሄዱት የእስያ ጥናቶች ማኅበር ጉባኤ ከመከፈቱ በፊት፣ በአብዛኛው ረቡዕና ሐሙስ ነው፤ ጉባኤው ሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ እሑድ ይዘልቃል። ጉባኤውን ብቻ አይቶ ዓርብ ጠዋት የሚደርስ አዲስ ላይብረሪያን የመጣበትን ነገር አልፎት ያገኘዋል። ማክሰኞ ማታ ይግቡ፣ ዓርብ ጠዋትን ለነጋዴዎቹ ጠረጴዛ ይተዉ። ከቤት ሲወጡ የጎደሉ የመጽሔት ቁጥሮችዎን ዝርዝር አትመው ይያዙ፤ በኢሜይል ወር የሚፈጀው ጉዳይ ነጋዴው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ ቶሎ ያልቃል። ከተማው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ 2024 ሲያትል፣ 2025 ኮሎምበስ፣ 2026 ቫንኩቨር ነበር የተያዘው። ለእናንተ የሚቀርበው ከተማ ተራ ሲደርስ አስቀድመው በበጀት ያስይዙ።